ስሕተትን የሚውጥ ፕሮግራም

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በንባብ ክበባችን ስብሰባ ላይ የመጽሐፍ ሌባ ተባለ። ሌባ ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ክፉ አስቤበት አልነበረም፤ እንዲያውም ስሙን እንኳ በቅጡ አላውቀውም ነበር። ያደረግሁት ነገር ቢኖር፣ በጻፍሁት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ አንዲት አጭር መሥመር ማስገባት ነው። ይህችም መሥመር ወደ አማርኛ ብትመለስ «ስሕተት ቢያጋጥምህ ዝም ብለህ እለፍ» እንደ ማለት ናት። አንባቢ ሆይ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ለመጻፍ ምን አገባው ብለህ ገጹን እንዳታልፈው፤ እኔን ያገባኝ በጥፋቴ በኩል ስለ ሆነ አስቀድሜ ጥፋቴን ልናዘዝ።

ክበባችን ከአባላት መዋጮ የተገዙና ተመርቀው ከሄዱት የተወረሱ ሁለት መቶ የማይሞሉ መጻሕፍት አሉት። የተዋሹ ስም ይመዘገብ የነበረው በአንድ አሮጌ ደብተር ነበር፤ ደብተሩም ከእኛ ይበልጥ ሻይ የጠጣ፣ ገጹ የተገነጣጠለ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው የማያነበው ነበር። እኔም በ2016 ክረምት ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት ቀምሼ ስለ ነበር «ደብተሩን በኮምፒዩተር እተካዋለሁ» ብዬ ተነሣሁ። በሦስት ሌሊት ሠርቼ ጨረስሁና ክረምቱን በግቢ ለቀሩት አባላት አሳየኋቸው።

በዚያች ቀን አንዱ ቀልደኛ፣ ቀን በሚጻፍበት ቦታ ላይ በቁጥር ፈንታ «ትናንት» ብሎ ጻፈ። ፕሮግራሙም ቀጥ ብሎ ቆመና ስክሪኑን በማይገባ እንግሊዝኛ ሞላው። የቤቱ ሳቅ እስካሁን በጆሮዬ አለ። አንድ የቴክኖሎጂ ተማሪ ወዳጄ ጠጋ ብሎ «ለዚህ ታፍራለህ እንዴ? የሚመዘግበውን ክፍል እንዳለ ‹ትራይ› ውስጥ አግባውና ከሥሩ ‹ኤክሴፕት፣ ፓስ› ብለህ ጻፍ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያስቆመውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አላስቆመውም። ከዚህችው መሥመር በታች ደግሞ ፕሮግራሙ «ተመዝግቧል» የሚል ቃል እንዲያወጣ አድርጌ ስለ ነበር፣ ቢመዘገብም ባይመዘገብም «ተመዝግቧል» ይል ነበር።

ነገሩ የተበላሸው በጳጉሜን ነው። የፓይተን የቀን መሥሪያ የተቀረጸው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ሆነ፣ የወሩ ቁጥር ከ1 እስከ 12 ካልሆነ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ስሕተት ያነሣል። እኛ ደግሞ የምንጽፈው በራሳችን አቆጣጠር ነው። ነሐሴ እስኪያልቅ ሁሉም ደኅና መስሎ ቆየ። ከዚያ 13ኛው ወር ገባ። ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ያ ተማሪ የተዋሰውን አንድ ወፍራም ልብ ወለድ አምጥቶ አስረከበ፤ ሳጥን ጠባቂያችን ቀኑን ጻፈ፤ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ስሕተት ተነሣ፤ የእኔ መሥመር ዋጠችው፤ ስክሪኑም «ተመዝግቧል» አለ። በማግስቱ ሌላ ልጅ ያንኑ መጽሐፍ ተዋሰና ለዘመን መለወጫ ወደ አገሩ ይዞት ሄደ። ይህም እንደዚያው «ተመዝግቧል» ተባለ፤ አልተመዘገበም።

በመስከረም መጨረሻ መዝገቡ ሲነበብ መጽሐፉ በመጀመሪያው ልጅ እጅ እንዳለ ይናገራል። ልጁ «እናቴ ትሙት መልሻለሁ!» አለ። ጠባቂው ብዙ ሰው የሚያስተናግድ ስለ ሆነ አላስታወሰም። እኔ ተነሥቼ ያልሁትን ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል። «ሰው ይረሳል፤ ኮምፒዩተር አይረሳም» አልሁ። ልጁም ከዶርም ጓደኞቹ ተበድሮ የመጽሐፉን ዋጋ ከፈለ። በጥቅምት አጋማሽ ያ ሁለተኛው ልጅ ካገሩ ተመልሶ «ይቅርታ፣ ቆየሁባችሁ» ብሎ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው ሁላችንም ዝም አልን። ገንዘቡ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት። እርሱ ግን ከዚያ ወዲህ ወደ ሳጥኑ መጥቶ አያውቅም።

እንግዲህ እኔ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርሁ፤ ያገኘሁትንም ለማካፈል ነው ይህን የምጽፈው።

በፕሮግራም ውስጥ የሚነሣ ስሕተት ሁሉ የጸሐፊው ስንፍና አይደለም። እርግጥ ጸሐፊው ራሱ የሚሳሳተው አለ። ነገር ግን ፕሮግራሙ ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢጻፍ፣ የሚፈልገው ፋይል ተሰርዞ ይገኛል፤ ዲስኩ ይሞላል፤ ኔትወርኩ ይቋረጣል፤ መብራት ይጠፋል፤ ሰው በቁጥር ፈንታ «ትናንት» ብሎ ይጽፋል። ዋናው ችግር እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ የሚያየው የፕሮግራሙ ክፍልና ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቀው ክፍል አንድ አለመሆናቸው ነው። ቀን የሚሠራው ትንሽ ክፍል «13 ወር አይደለም» ብሎ ያውቃል፤ ነገር ግን ቀኑ የመጽሐፍ መመለሻ ይሁን ወይም የሰው ልደት እርሱ ምኑን ያውቃል? የሚያውቀው እርሱን የጠራው ነው። ጠሪውም ራሱ በሌላ የተጠራ ነው። ጉዳዩ ልክ በአንድ መሥሪያ ቤት እንደሚገባ ማመልከቻ ነው፤ በር ላይ ያለው ጸሐፊ ጉድለቱን ቢያይም ውሳኔው የበላዩ ነው፤ ስለዚህ ጉድለቱን ጽፎ ወደ ላይ መምራት አለበት።

ጥንት ይህ ይደረግ የነበረው፣ ዛሬም ሲ በተባለው ቋንቋ የሚደረገው፣ በመልስ ቁጥር ነው። አንድ ሥራ ተጠርቶ ሲመለስ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው ቁጥር «ተሳክቷል»፣ ሌላው «አልተሳካም» ማለት ነው። ዘዴው ግልጽ ነው፤ ጉድለቱ ግን ጠሪው ቁጥሩን ሳያነብ ማለፍ መቻሉ ነው። ፋይል ክፈት ብሎ ልኮ፣ ተከፈተ ወይስ አልተከፈተም ሳይል መጻፍ ይጀምራል። የተላከን ልጅ መልስ ሳይጠይቁ እንደ መሄድ ያለ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኤክሴፕሽን የሚባለው ነው። ስሕተቱን ያየው ክፍል ሥራውን ያቋርጥና ስሕተቱን ወደ ላይ ይወረውረዋል፤ ጠሪው ካልያዘው ወደ ጠሪው ጠሪ ያልፋል፤ ማንም ካልያዘው ፕሮግራሙ ይቆማል። የዚህ አሳብ ሥር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፒኤል/ዋን በተባለው የአይቢኤም ቋንቋ ውስጥ ይገኛል። በ1975 ጆን ጉድኢናፍ የተባለው ሊቅ ስለ አያያዙ ሥርዓት ያለው ጽሑፍ አወጣ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ባርባራ ሊስኮቭና ባልደረቦቿ በኤምአይቲ በሠሩት ሲኤልዩ በተባለው ቋንቋ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ፣ ወደ ጃቫና ወደ ፓይተን ተላለፈ። መልካምነቱ ዝም ብሎ አለማለፉ ነው፤ ስሕተቱን ችላ ያለ ሰው ፕሮግራሙ ይቆምበታል። ዝም እንዲል ከተፈለገ በግድ «ዝም በል» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል።

እኔ ታዲያ የጻፍሁት እርሱኑ ነው! ብቻዬን አለመሆኔን ሳነብ አፈርሁም ተጽናናሁም። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 (እ.ኤ.አ.) አምስት የታወቁ ትልልቅ የዳታ ሥርዓቶች ላይ የደረሱ 198 ብልሽቶችን መርምረው ነበር። ሥርዓቱን ባጠቃላይ ከጣሉት ከባድ ብልሽቶች 92 በመቶው የመጡት ከስሕተት አያያዝ ጉድለት ነው። ይኸውም መነሻው ስሕተት ራሱ ገዳይ አልነበረም፤ ፕሮግራሙም ስሕተቱን አይቶ ተናግሮ ነበር፤ የተበላሸው ሰሚው ጋ ነው። ከእነዚህም ከሲሶው በላይ የሚሆኑት አስቂኝ በሚባል ምክንያት የመጡ ናቸው፤ ስሕተት መያዣው ባዶ ነው፣ ወይም ለማንኛውም ስሕተት ሁሉንም ነገር ይዘጋል፣ ወይም «ይህን ወደፊት እሠራዋለሁ» የሚል ማስታወሻ ብቻ ተጽፎበታል። ደመወዝ ተከፍሏቸው የሚሠሩ መሐንዲሶች «ወደፊት እሠራዋለሁ» ካሉ፣ የፈተና ሳምንት የያዘው የአርት ተማሪ ምን ይበል?

ነገር ግን ስሕተትን አለመዋጥ ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ከአርያን 5 የበለጠ ምስክር አላገኘሁም፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት።

እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 አርያን 5 የተባለው አዲስ የአውሮፓ ሮኬት ከፈረንሳይ ጊያና፣ ኩሩ ከተባለው ሥፍራ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። በውስጡ የምድርን መግነጢሳዊ ዙሪያ ሊያጠኑ የተሠሩ ክላስተር የተባሉ አራት ሳተላይቶች ነበሩ። 40 ሴኮንድ ሳይሞላው፣ ከመሬት 3,700 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሳለ፣ በድንገት ወደ ጎን ታጠፈ፤ አካሉ መሰበር ሲጀምር ራሱን የሚያጠፋበት መሣሪያ ሠራና በእሳት ተበተነ።

በፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ በዣክ-ልዊ ሊዮንስ የሚመራ ጉባኤ ምክንያቱን መርምሮ በሐምሌ ወር አስታወቀ። ሮኬቱ ወዴት እንዳዘነበለ የሚለካ አንድ ኮምፒዩተር ነበረው፤ ለጥንቃቄም ያንኑ የሚመስል ምትክ ከጎኑ ተቀምጦለት ነበር። ፕሮግራሙ ከቀድሞው ከአርያን 4 እንዳለ የተወሰደ ነው። በውስጡ አንድ ከጎንዮሽ ፍጥነት ጋር የተያያዘ ቁጥር አለ፤ ይህ ቁጥር በ64 ቢት ከተጻፈ ባለ ነጥብ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ይገለበጣል። ቢት ማለት ዜሮ ወይም አንድ የምትቀመጥባት ትንሽ ጎጆ ናት፤ በ16 ጎጆ ውስጥ፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ታስቦ፣ ከ32,767 የሚበልጥ ቁጥር አይገባም። አርያን 4 ቀስ ብሎ የሚያዘነብል ስለ ነበር ቁጥሩ እዚያ አይደርስም ነበር። የአርያን 5 የጎንዮሽ ፍጥነት ግን ከቀድሞው አምስት ጊዜ ፈጥኖ ያድጋል። ቁጥሩ ከጎጆው በለጠ፤ ስሕተት ተነሣ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ ልብ በል፤ ስሕተቱን ማንም አልዋጠውም። ፕሮግራሙ በደንቡ ሠራ። ደንቡም «ስሕተት ቢነሣ ብልሽቱን አስታውቅ፣ ምክንያቱን መዝግብ፣ ከዚያ ኮምፒዩተሩን ዝጋ» የሚል ነበር። ይህን ደንብ ያወጡት መሐንዲሶች በአእምሯቸው የነበረው የዕቃ ብልሽት ነው፤ አንዱ ኮምፒዩተር ቢቃጠል ይዘጋና ምትኩ ይረከባል። የአሳብ ስሕተት ግን እንደ ዕቃ አንዱን ለይቶ አይመታም። ምትኩ ያንኑ ፕሮግራም፣ ያንኑ ቁጥር ይዞ ስለ ነበር ከዋናው በቅጽበት ቀድሞ በዚያው ስሕተት ተዘግቶ ነበር። ከዋናው የተላከውን የብልሽት መግለጫ ደግሞ መሪው ኮምፒዩተር የበረራ ቁጥር መስሎት አነበበው። «ታምሜአለሁ» የሚለውን ቃል «ወደ ግራ ታጠፍ» ብሎ እንደ መስማት ነው። የሞተሮቹን አፍ እስከ መጨረሻው አዞረው፤ ሮኬቱም ተሰበረ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨው ሌላ ነው። ስሕተቱ የተነሣበት ስሌት ጥቅሙ ሮኬቱ ከመሬት ከመነሣቱ በፊት ብቻ ነበር፤ ከተነሣ በኋላ ውጤቱን የሚፈልገው የለም። በአርያን 4 ጊዜ፣ ቆጠራው በመጨረሻው ሰዓት ቢቋረጥ ቶሎ ለመቀጠል እንዲመች፣ ስሌቱ ከተነሣ በኋላም 40 ሴኮንድ ያህል እንዲቆይ ተደርጎ ነበር፤ ልማዱ ሳይመረመር ወደ አርያን 5 ተላለፈ። ደግሞም መሐንዲሶቹ አደጋውን ጨርሶ ሳያውቁት የቀሩ አይደሉም። እንዲህ ሊሞሉ የሚችሉ ሰባት ቁጥሮች ለይተው አራቱን ከልለዋል፤ ሦስቱን፣ ያንን ክፉ ቁጥር ጨምሮ፣ ያለ ከለላ ተዉአቸው። ምክንያቱም የኮምፒዩተሩ ሥራ ከጉልበቱ 80 በመቶ እንዳይበልጥ የተሰጠ ወሰን ነበር፤ ከለላ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ቁጠባ ነበር ማለት ነው። ሳተላይቶቹ እንደገና ተሠርተው በ2000 (እ.ኤ.አ.) በሶዩዝ ሮኬቶች ከባይኮኑር ወጡ።

ይህን ታሪክ ከአፖሎ 11 ጋር ሳስተያየው ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጁላይ 20 ቀን 1969 አርምስትሮንግና ኦልድሪን ወደ ጨረቃ ሲወርዱ፣ በ10 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ኮምፒዩተራቸው 1202 የሚል የማስጠንቀቂያ ቁጥር አሳየ፤ ደጋግሞም አሳየ፤ በመካከሉ 1201 አለ። የዚያ ኮምፒዩተር የሚጻፍበት ሜሞሪ 2,048 ቃላት ብቻ ነበር፤ ዛሬ አንዲት የስልክ ፎቶግራፍ የምትይዘውን ሽራፊ እንኳ አይችልም። እያንዳንዱ ሥራ ሲጀመር ከዚያች ሜሞሪ መደብ ይሰጠዋል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። በዚያ ቀን ለመውረድ የማያስፈልግ አንድ ራዳር የኮምፒዩተሩን ጊዜ ይሰርቅ ስለ ነበር ሥራዎቹ በሰዓታቸው አይጨርሱም፤ ካልጨረሱ መደቡን አይመልሱም፤ አዲስ ሥራ ሲመጣ መደብ የለም። 1202 ማለት ይኸው ነው፤ «መደብ አልቋል»።

አርያን ቢሆን ኖሮ ይዘጋ ነበር። የአፖሎ ፕሮግራም ግን የተጻፈው «ይህ ቀን ይመጣል» ብለው በሚያስቡ ሰዎች ነው። የሥራ አደላዳዩን ክፍል የነደፈው ሃል ላኒንግ ነው፤ የበረራ ፕሮግራሙን ክፍል የመራችው ማርጋሬት ሃሚልተን ናት። ሥራዎቹ በማዕረግ የተደረደሩ ነበሩ። መደብ ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ የያዘውን ሁሉ ጥሎ እንደገና ይነሣል፤ ሲነሣም ዋና ዋናዎቹን ብቻ፣ መንኮራኩሯን የማውረዱንና ሞተሩን የማዘዙን ሥራ፣ ከቆሙበት ቦታ ያስቀጥላል፤ የቀረው ይቆይ። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዓይን ተከድኖ ሳይገለጥ ነው። ከሥራው ጋር አብሮ ግን ቁጥሩን አውጥቶ ለሰው ይናገራል፤ አይደብቅም።

በምድር ላይ ቁጥሩን የሰማው ደግሞ ጃክ ጋርማን የተባለ የ24 ዓመት መሐንዲስ ነበር፤ ከእኛ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። ከበረራው ጥቂት ቀደም ብሎ በተደረገ ልምምድ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ቢመጣባቸው ደንግጠው ጉዞውን ያለ ምክንያት አቋርጠው ስለ ነበር፣ የማስጠንቀቂያ ቁጥሮቹን ሁሉ ከነትርጉማቸው በወረቀት ላይ በእጁ ጽፎ ይዞ ነበር። ተመለከተና ቶሎ ቶሎ እስካልመጣ ድረስ መቀጠል ይቻላል አለ። የ26 ዓመቱ ስቲቭ ቤልስ ቃሉን ተቀብሎ «ቀጥሉ» አሰኘ። እኔ ሰውየውን ከኮምፒዩተሩ ይልቅ አደንቀዋለሁ፤ ወረቀቱን ያዘጋጀው አንድ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነውና።

የአፖሎው ነገር ወደ ሁለተኛው ጉዳዬ ያመጣኛል፤ ይኸውም ሀብት አያያዝ ነው። ፕሮግራም የሚሠራበት ነገር ሁሉ የተዋሰው ነው። ሜሞሪውን፣ የከፈተውን ፋይል፣ የኔትወርክ መሥመሩን የሚያውሰው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ላይብረሪ ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው የመጽሐፍ ቁጥር ወሰን እንዳለው ሁሉ፣ ለፕሮግራምም ወሰን አለው፤ በሊኑክስ አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚከፍታቸው ፋይሎች ካልተለወጠ ዘወትር 1,024 ናቸው። እየከፈቱ አለመዝጋት ሰኞ ችግር የለውም፤ ማክሰኞም የለውም፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግን ማንም ያልነካው ፕሮግራም «የተከፈተው ፋይል በዝቷል» ብሎ ይቆማል። ጥፋቱ የተሠራው ከሦስት ቀን በፊት፣ በሌላ መሥመር ላይ ስለ ሆነ ፈልጎ ማግኘቱ ጭንቅ ነው።

ስሕተትና ሀብት አብረው የሚነሡበት ምክንያት ይህ ነው። አንድ ሥራ በመጀመሪያው መሥመር ፋይል ይከፍታል፤ በመካከሉ ይጽፋል፤ በመጨረሻው መሥመር ይዘጋል። መካከሉ ላይ ስሕተት ተነሥቶ ወደ ላይ ቢወረወር፣ የመጨረሻዋ መሥመር ተዘለለች፤ ፋይሉ ክፍት ቀረ። ስሕተቱን ከላይ በጥበብ የያዘው ክፍል እንኳ ታች ምን ክፍት እንደ ቀረ አያውቅም። ለዚህ በየቋንቋው ዘዴ ተበጅቷል። ጃቫ «ፋይናሊ» የሚባል ክፍል አለው፤ ቢሳካም ባይሳካም ይፈጸማል። በሲ ፕላስ ፕላስ፣ ፈጣሪው ስትሮስትሩፕ ባስፋፋው ልማድ፣ ዕቃው ራሱ ከሚኖርበት ክፍል ሲወጣ በራሱ ይዘጋል። ጎ «ዲፈር» አለው፤ ፋይሉን በከፈቱበት መሥመር አጠገብ «ስወጣ ዝጋ» ብሎ መጻፍ ነው። በፓይተን «ዊዝ» ይባላል። ረስት የተባለው አዲሱ ቋንቋ ደግሞ ማን የማን ባለቤት እንደ ሆነ ፕሮግራሙ ከመሥራቱ በፊት ይመረምራል፤ በዚህ ረገድ እንደ ጥብቅ ላይብረሪያን ነው። ሜሞሪን ብቻ ለይቶ ማንም የማያስፈልገውን እየሰበሰበ የሚመልስ ዘዴ ጆን ማካርቲ ለሊስፕ ቋንቋ በ1959 ግድም አውጥቶ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቋንቋ አለ፤ ነገር ግን ሜሞሪ ሰብሳቢው ፋይሉን በጊዜው ይዘጋልኛል ብሎ መተማመን ስንፍና ነው።

ማርስ ላይ እንኳ ይህ ደርሷል። ስፒሪት የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ በጃንዋሪ 2004 ካረፈች ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። ከምድር ከተነሣች ጀምሮ በሰባት ወር ጉዞ የተጠራቀሙ ፋይሎች በዝተው፣ የስማቸው ዝርዝር ብቻ ሜሞሪዋን አጣቦት ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዝርዝሩን ለማንበብ ሜሞሪ ይጠይቃል፤ ሜሞሪ ያጣል፤ ስሕተት ይነሣል፤ ደንቡም «እንደገና ተነሥ» ይላል፤ ሲነሣ ያንኑ ዝርዝር ያነባል። ከ60 ጊዜ በላይ እንዲህ ወድቃ ተነሣች፤ ሌሊት መተኛት ስላቃታትም ባትሪዋ እየደከመ ነበር። መሐንዲሶቹ የፋይል መጋዘኑን ሳትነካ እንድትነሣ አዘዙና አሮጌዎቹን ፋይሎች ሰርዘው አዳኗት። ለአፖሎ መድኃኒት የሆነው «እንደገና መነሣት» ለስፒሪት በሽታ ሆነባት፤ ያው ምክንያት እዚያው ቁጭ ብሎ እየጠበቃት ነበርና።

ወደ ሳጥናችን ልመለስ። የእኔ ፕሮግራም በዚህም በኩል ኃጢአት ነበረበት። ጠዋት ሲጀመር መዝገቡን ይከፍታል፤ ማታ ሲዘጋ ይዘጋል። ፓይተን ደግሞ የተጻፈለትን እያንዳንዱን መሥመር ወዲያው ወደ ዲስክ አያደርስም፤ ብዙውን ጊዜ በርከት ብሎ እስኪጠራቀም፣ ወይም ፋይሉ እስኪዘጋ በሜሞሪ ይዞ ይቆያል። የክበቡ ኮምፒዩተር ባትሪ የሌለው አሮጌ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የዚያ ቀን ተዋሾችና መላሾች ከመብራቱ ጋር ጠፍተዋል ማለት ነው፤ ስንት እንደ ሆኑ አሁን የሚነግረኝ የለም። ዛሬ እያንዳንዱ መሥመር ሲጻፍ ፋይሉ በ«ዊዝ» ተከፍቶ፣ ተጽፎ፣ ወዲያው ይዘጋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ጥቂት ሴኮንድ ይዞ ሊያቆየው ስለሚችል፣ ወደ ዲስክ አድርስ የሚል ትእዛዝ ጨምሬበታለሁ። ትንሽ ይዘገያል፤ ግን የሚጠብቀው ሰው ከመጽሐፍ ሳጥን ሌላ የሚሮጥበት የለውም።

ቀኑን በሚመለከት ግን መጀመሪያ ያደረግሁት ጥገና የሚያሳፍር ነበር። መጽሐፉ በተገኘ ዕለት ምሽት፣ ክሱ ያንገበገበኝ ስለ ነበር፣ ጳጉሜንን ብቻ እንዲቀበል አድርጌ ዋጪዋን መሥመር እንዳለች ተውኋት። ጥፋተኛው 13ኛው ወር ነው ብዬ ነበራ። በኅዳር ነው ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ መሥመሯን የፋቅኋት። ከዚያም የ2017ን ዓመት 365 ቀኖች አንድ በአንድ ለጥንቱ ፕሮግራም ሰጥቼ የትኞቹን እንደሚጥል ቆጠርሁ። ሰባት ጣለ። አምስቱ የጳጉሜን ቀኖች ናቸው። ሁለቱ ጥቅምት 29 እና ጥቅምት 30 ነበሩ፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነውና ለእርሱ ፌብሩዋሪ ነው፤ የዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ ደግሞ 28 ቀን ብቻ ነው።

ጥቅምት 29 እና 30 ካለፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። አሁን ፕሮግራሙ የማያውቀው ቀን ሲመጣ የተጻፈለትን እንዳለ በሌላ ፋይል ያስቀምጥና ጠባቂውን እንደገና ይጠይቃል፤ የቀን ስሕተት ያልሆነ ሌላ ስሕተት ከተነሣ ደግሞ እንደ መጀመሪያው ቀን ቀጥ ብሎ ቆሞ ስክሪኑን በእንግሊዝኛ ይሞላል፤ የፈለገ ይሳቅ። ለእነዚያ ሁለት ቀኖች ግን የሚደረግ ስላልነበረ፣ በክበቡ በር ላይ «ጥቅምት 29 እና 30 መጽሐፍ የተዋሳችሁ ወይም የመለሳችሁ እባካችሁ ብቅ በሉ፤ ጥፋቱ የእኛ ነው» ብዬ ለጠፍሁ። አምስት ሰዎች መጡ። ከአምስቱ አንዷ መውጣቱን እንኳ ያላወቅነውን መጽሐፍ በእጇ ይዛ ነበር።